ለሥራ የተሠራች ልጅ

መቼም ሰው ሃምሳን ካለፈ በኋላ ካርቱን ሲያይ ከተያዘ ሰበብ መፈለጉ አይቀርም። የእኔ ሰበብ ጭቅጭቅ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ጋደም ብዬ ሳነብ፣ ከትንሿ ልጄ ላፕቶፕ ውስጥ አንዲት እናት ከሴት ልጇ ጋር ስትነታረክ ሰማሁ። ልጅቱ ትምህርት ቤት ልግባ፣ እንደ እኩዮቼ ልዋል ባይ ናት። እናትየው ደግሞ አንቺ የተሠራሽው ዓለምን እንድትጠብቂ ነው፣ ለእሱ ጊዜ የለሽም ባይ። «የተሠራሽው» የሚለው ነገር ጆሮዬን ያዘው። እናት ልጇን «የወለድኩሽ» ስትላት እንጂ «የሠራሁሽ» ስትላት ሰምቼ አላውቅም። መጽሐፌን አጥፌ ጠጋ አልኩ። ልጄ በጥርጣሬ አየት አድርጋኝ ፈቀቅ አለችልኝ።

ተከታታይ ፊልሙ «ማይ ላይፍ አዝ ኤ ቲንኤጅ ሮቦት» ይባላል፤ «ኮረዳ ሮቦት ሆኜ» ብንለው ያስኬዳል። ሮብ ሬንዜቲ የፈጠረው፣ የአሜሪካው ኒኬሎዲዮን ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያሳየው ነው። መነሻው በ1999 የታየች አንዲት አጭር ፊልም ነበረች። ሦስት ምዕራፍ ተጉዞ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ በአሜሪካ በ2008 እና በ2009 ታይቶ አበቃ። እንግዲህ ልጄ የምታየው እሷ ዳዴ ሳትል ያለቀ ፊልም ነው ማለት ነው። የዘንድሮ ልጆች አሮጌ ነገር ይወዳሉ፤ አሮጌ ሰው ላይ ሲሆን ነው ችግሩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ትሬሞርተን በምትባል ከተማ ዶክተር ኖራ ዌክማን የምትባል አሮጊት የሮቦት ሳይንቲስት ትኖራለች። ምድርን ከጠላት የምትከላከል፣ ክንዷ ወደ መሣሪያ የሚለወጥ፣ የምትበር ሮቦት ሠራችና «ኤክስጄ-9» አለቻት። ሮቦቷ ግን ራሷን «ጄኒ» ብላ ትጠራለች። ከተሠራች ገና አምስት ዓመቷ ነው፤ ጠባይዋና ልቧ ግን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። ከጎረቤት ልጆች ከብራድና ከታናሽ ወንድሙ ከታክ ጋር ከተዋወቀች ወዲህ፣ ቤት ተቀምጦ የአደጋ ጥሪ መጠበቅ አልሆንልሽ አላት። ትምህርት ቤት ገባች። እዚያም ልቡ የጠፋላት ሼልደን አለ፤ በአለባበሳቸው የሚኮሩት፣ እሷን ማሸማቀቅ ሥራቸው የሆነው ብሪትና ቲፍም አሉ። ጠላት በመጣ ቁጥር እናት ትጠራታለች። ስትጠራት ግን «ጄኒ» ብላ አይደለም፤ «ኤክስጄ-9» ብላ ነው። የዕቃ መለያ ቁጥሯን ማለት ነው። ዘጠነኛ ከሆነች ደግሞ ስምንት ታላላቆች አሏት። አንዷም ሌላዋን አትመስልም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው የሚለው አባባላችን ለብረት ልጆችም መሥራቱ አሳቀኝ።

ሥነ ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ ያስተማረ ሰው አንድ በሽታ ይዞት ይወጣል፤ ታሪኩን ትቶ የታሪኩን አጥንት ማየት። ቤተሰቤ ከእኔ ጋር ፊልም ማየት ያቆመው በዚህ ነው። ካርቱኑንም ማየት እንደጀመርኩ አጥንቱን መቁጠር ጀመርኩ። የጀግና ድርብ ሕይወት፣ ይኼ ከ1938ቱ ሱፐርማን ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ግን እዚህ ተገልብጧል። ሱፐርማን መነጽር ያደርግና ተራ ጋዜጠኛ ይሆናል፤ ማንም አያውቀውም። ጄኒ ምን አድርጋ ትደበቅ? ሰማያዊና ነጭ ብረት ናት፤ ግራና ቀኝ የተያዘው ጸጉሯ ሳይቀር የመብረሪያ ሞተር ነው። የእሷ ችግር ማንነቷ እንዳይታወቅባት አይደለም፤ ታውቆም እንደ ሰው መቆጠሯ ነው።

ሌላው ፈሊጥ ደግሞ የምኞትና የቅጣት ነው። ጄኒ ሰው ያለው እሷ የሌላት አንድ ነገር ያምራታል፤ ታገኘዋለች፤ ያገኘችው ነገር ጉድ ያፈላል፤ ትተወዋለች። በአንዱ ክፍል ሰዎች ብረትነቷን አይተው ስለሸሿት የሰው ቆዳ የሚመስል ልብስ ትለብሳለች። ቆዳው ውሎ ሲያድር ራሱ አዛዥ ይሆንና አልወልቅም ይላል። በሌላው ክፍል ጓደኞቿ ስለ ሕልማቸው ሲያወሩ ትቀናና እንድታልም የሚያደርጋት ቺፕ ይገባላታል፤ በእንቅልፍ ልቧም ከተማውን ታምሳለች። በአንድ ሌላ ክፍል ደግሞ ቋንቋዋ ተበላሽቶ ጃፓንኛ ብቻ መናገር ትጀምርና የሚረዳት ታጣለች። (ይኼኛው ከምኞት ጋር ባይገናኝም፣ የምትለው ሳያልቅባት ሰሚ ያጣች ልጅ ከልቤ አልወጣችም።)

ሦስት አራት ክፍል ካየሁ በኋላ ሌክቸሬን ጀመርኩ። «ልብ ብለሻል?» አልኳት ልጄን። «ይኼ ዘመናዊ መስሎ የቀረበ በጣም ወግ አጥባቂ ተረት ነው። ከተፈጠርሽበት አትለፊ ነው የሚለው። ሰው ልሁን ባለች ቁጥር ትቀጣለች።»

ልጄ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ፣ «በሚቀጥለው ክፍል እኮ ተመልሳ ትጠይቃለች፣ አባዬ» አለችኝ።

ዝም አልኩ። እውነቷን ነው። በተከታታይ ፊልም ዓለም ውስጥ አንድ ያልተጻፈ ውል አለ፤ ክፍሉ ሲያልቅ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። እኔ ያየሁት መመለሱን ብቻ ነበር። ቅጣቱ ጄኒን አስተምሯት ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ክፍል ፊልሙ ያልቅ ነበር። የማያልቀው መጠየቋ ነው። አንድ ነገር ደጋግሞ የሚከለከልና ደጋግሞ የሚጠይቅ ፍጡር ደግሞ፣ የሠራው ሰው ከሰጠው ዓላማ ውጭ የሆነ አንድ ነገር ውስጡ አለ ማለት ነው።

ይኼ «ሠሪና ተሠሪ» የሚባል ታሪክ በጣም አሮጌ ነው። ኦቪድ የጻፈው የቀራጺው የፒግማሊዮን ታሪክ አለ። ከዝሆን ጥርስ የቀረጻትን ሴት አፈቀረ፤ ጸለየ፤ ነፍስ ዘራች፤ አገባት። ኦቪድ ለሴትየዋ ስም እንኳን አልሰጣትም፤ ጋላቴያ የተባለችው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ታገቢኛለሽ ወይ ብሎ የጠየቃትም የለም። የሜሪ ሼሊ ፍራንከንስታይን (1818) ደግሞ የሠራውን ፍጡር ባየው ጊዜ ደንግጦ ጥሎት ሸሸ፤ መዓቱ ሁሉ ከዚያ መሸሽ መጣ። የጃፓኑ ኦሳሙ ቴዙካ በ1952 የጀመረው አስትሮ ቦይ አባቱ የሞተ ልጁን እንዲተካለት የሠራው ሮቦት ነው፤ እንደ ልጅ አላድግ ሲለው ለሰርከስ ሸጠው። በነገራችን ላይ በዚያ ታሪክ ውስጥ ሮቦቱ ተሠራ የተባለበት ዓመት 2003 ነው፤ ጄኒ በቴሌቪዥን የመጣችበት ዓመት። ዶክተር ዌክማንን ከእነዚህ ሁሉ የሚለያት አለመሸሿ፣ አለመሸጧም ነው። የእሷ ጥፋት ሌላ ነው፤ አለመልቀቅ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስገረመኝ ግን ፒኖኪዮን እንደገና ማንበቤ ነው። የዲዝኒን አይደለም፣ ካርሎ ኮሎዲ ከ1881 እስከ 1883 በልጆች ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ያወጣውን። በዚያ ውስጥ ሽማግሌው ጄፔቶ አሻንጉሊቱን ለመሥራት የተነሳው ልጅ አምሮት አይደለም። የሚጨፍር፣ የሚገለባበጥ አሻንጉሊት ሠርቶ፣ አገር ላገር እያዞረ እያሳየ የዕለት እንጀራውንና አንዲት ብርጭቆ ወይን ሊያገኝበት ነው። ይኼ ለእኛ አገር አንባቢ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ጧሪ ነው የሠራው። ፒኖኪዮ መቼ ነው ሰው የሚሆነው? ሲሸሽ፣ ሲዋሽ፣ ሲታለል ኖሮ በመጨረሻ ለታመመው አባቱ ወተት ለመግዛት ውኃ ሲያወጣ ሲከርም ነው። ተገዝቶ ሰው ሆነ እንበል? ወይስ አስገዳጅ ሳይኖርበት ስላደረገው ነው ሰው የሆነው? ለዓመታት ክፍል ውስጥ የመጀመሪያውን ነበር የማስተምረው። አሁን እጠራጠራለሁ።

ነገሩ ቃሉ ውስጥም አለ። «ሮቦት» የሚለውን ቃል ለዓለም ያስተዋወቀው ቼኩ ጸሐፊ ካሬል ቻፔክ በ1920 ባሳተመው ተውኔት ነው፤ ቃሉን የጠቆመው ግን ሠዓሊ ወንድሙ ዮሴፍ ነበር። «ሮቦታ» በዚያ አገር ገበሬው ለጌታው ያለ ክፍያ የሚሠራው የግዴታ ሥራ ነው፤ እስከ 1848 ድረስ በሕግ የጸና ነበር። እኛ ሁዳድ እንለው የነበረው ማለት ነው። እንግዲህ ሮቦት ሲባል ብረት ብቻ የሚታየን ተሳስተናል፤ የቻፔክ ሮቦቶች ጭራሽ ከብረት አልተሠሩም፣ ሥጋ መሰል ነገር ናቸው። ቃሉ የሚለው «ገባር» ነው። አማርኛችን ደግሞ የባሰ ነው። ዕቃም «ይሠራል»፣ ሰውም «ይሠራል»። ለሁለቱ አንድ ቃል። የተሠራ ሁሉ ሊሠራ ነው የተሠራው።

ሳርትር እ.ኤ.አ. በ1945 ፓሪስ ውስጥ ባደረገው ንግግር የወረቀት መቁረጫ ቢላዋን ምሳሌ አድርጎ ነበር። ቢላዋው ከመሠራቱ በፊት ለምን እንደሚያገለግል ሠሪው ያውቃል፤ ዓላማው ይቀድማል፣ መኖሩ ይከተላል። ሰው ግን ተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ይኖራል፣ ምን እንደሆነ ኋላ ራሱ ይወስናል። ጥሩ። ግን ቢላዋው አፍ አውጥቶ «ወረቀት መቁረጥ አልፈልግም» ቢልስ? ሳርትር ይህን አልመለሰልንም። ካርቱኑ የሚጠይቀው ግን ይህንኑ ነው። እኔን ደግሞ በግልባጩ ያሳስበኛል፤ ሰው ሆኖ ሳለ እንደ ቢላዋ የተወለደስ? ዓላማው ከእሱ ቀድሞ የተወለደ ልጅ?

ብዙዎቻችን እንዲያ ነን። ገና ሳንጸነስ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ተብሎ ተመርቆብናል።

እኔ ራሴ የተሠራሁት ለድንበር ክርክር ነው። አባቴ ከጎረቤቱ ጋር የአንድ ማሳ ወሰን ጉዳይ ነበረበት። ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ አውራጃ ሲመላለስ፣ ለማመልከቻ ጸሐፊ ሲከፍል፣ በማያውቀው የሕግ ቋንቋ ሲረታ ኖረ። «ይኼ ልጅ ጠበቃ ይሆናል» ያለው ፊደል ሳልቆጥር ነው። ካሉት ሁለት በሬዎች አንዱን ሸጦ ከተማ አስገባኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሥነ ጽሑፍ መረጥኩ። ነገሩን ሳስረዳው ብዙ ተቸገርኩ።

«ምንድነው እሱ?» አለኝ።

«ታሪክ… ተረት… ግጥም፣ እነሱን ማጥናት ነው።»

«ተረት እኮ እኔም አውቃለሁ» አለ። ከዚያ ቆየት ብሎ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «ታዲያ ለእኔ ማን ሊናገርልኝ ነው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። አባቴ ክርክሩን ሳይረታ ሞተ። ወሰኑ ጥቂት ክንድ ወደ እኛ ገብቶ ቀረ። እኔም ስለ ነጻነት፣ ስለ ግለሰብ ምርጫ የሚያትቱ ልቦለዶችን ሳስተምር ኖርኩ፤ ያቺ ጥቂት ክንድ መሬት ግን በየልቦለዱ ኅዳግ ላይ ትታየኝ ነበር። ስለዚህ ጄኒ ወደ ትምህርት ቤት ስትሮጥ ሁሉም ሰው ለእሷ ሲያጨበጭብ እኔ አሮጊቷንም አያለሁ። ዶክተር ዌክማን ክፉ አይደለችም። ዓለምን ማን ሊጠብቅልኝ ነው ብላ የምትፈራ ሴት ናት።

ፍርሃቷ ደግሞ መሠረት አለው። ካርቱኑን ከቀላል የነጻነት ስብከት የሚያድነው ይህ ይመስለኛል። ጠላቱ የእውነት ነው። ጄኒ ድግስ ላይ ስትቆይ ከተማው የእውነት ይፈርሳል፤ ሊያስቆም የሚችል ሌላ ሰው የለም። እዚህ ላይ «ሕይወቴ የራሴ ነው» የሚለው መልስ ያጥራል። የሚችል ሰው፣ እሱ ብቻ የሚችል ሰው፣ ግዴታ የለበትም ወይ? ቤት ሲቃጠል ዋና የማያውቅ አይጠየቅም፤ ሰው ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ግን ዋናተኛው ይጠየቃል። ዋና ያስተማረው አባቱ ለዓሣ ንግድ ብሎ ይሁን ለሌላ፣ በዚያች ደቂቃ ለውጥ የለውም።

የጄኒ ዋና ጠላት ንግሥት ቬክሰስ ናት፤ ሮቦቶች ብቻ የሚኖሩበት ክላስተር ፕራይም የሚባል ዓለም ገዥ። የምታቀርብላት ማባበያ ብልህ ነው፤ ሰዎች መገልገያ አድርገውሻል፣ ወደ ወገኖችሽ ነይ ነው። በ2005 በወጣው ረዘም ያለ ክፍል ጄኒ የከተማው ሰው ውለታ ቢስነት አንገፍግፏት እዚያ ዓለም ላይ ትገኛለች። ሁሉም እንደ እሷ ብረት ነው፤ ማንም አያፈጥባትም። ልትቀር ትችል ነበር። ግን ተመለሰች። ያዘዛት የለም፤ እናቷ በሌለችበት ነው የወሰነችው። የሚገርመው እዚያ የምትወዳጃት ቬጋ የቬክሰስ የገዛ ልጇ ናት፤ እሷም በመጨረሻ በእናቷ ላይ ትነሳለች። ሁለት እናቶች፣ ሁለት ልጆች። አንዷ እናቷን እምቢ ብላ መልካም አደረገች፤ ሌላዋ እናቷ ያለቻትን አድርጋ መልካም አደረገች። የሁለቱ መልካምነት ግን አንድ ዓይነት ነው፤ በራሳቸው እግር ነው የሄዱበት።

ካንት በ1785 ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አትጠቀምበት ሲል ክብደቱ «ብቻ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ሰው በሰው መጠቀሙ አይቀርም፤ ሐኪሙን እንጠቀምበታለን፣ ልጅንም በእርጅናችን እንደገፋለን። «ብቻ» ሲሆን ነው ነገሩ የሚበላሸው። ዶክተር ዌክማን ስትቆጣም ስትጠግንም አያታለሁ፤ ጄኒ ተሰባብራ ስትመጣ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብላ የምትገጣጥማት ያቺው «ኤክስጄ-9» ብላ የምትጮህባት ሴት ናት። አባቴም በሬውን ሲሸጥ ለጠበቃው ብቻ ነው የሸጠው ብል እዋሻለሁ።

ይህን ሁሉ ለልጄ እያወራሁ ነበር። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «አንተስ?» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር። ልጄ አሥረኛ ክፍልን እየጨረሰች ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን ትመርጣለች። ትምህርት ቤቱ ወላጅ የሚፈርምበት ወረቀት ልኳል። እሷ ማኅበራዊ ሳይንስ ነው የምትለው። ተፈጥሮ ሳይንስ ካልሆነ የሚለው ማን ይመስላችኋል? እኔ! በሬ ተሽጦለት ተረት ያጠናው ሰውዬ። «ሥነ ጽሑፍ እንጀራ አይሆንም፤ እኔን እይኝ» ብያታለሁ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ። ከዚህም የባሰው «ለራስሽ ብዬ ነው» ማለቴ ነው። አሮጊቷ ዌክማን ይህን አትልም። የሠራሁሽ ለዓለም ነው ትላለች፤ ልጅቱ በምን እንደምትከራከር ታውቃለች። አባቴም «ለእኔ ማን ሊናገርልኝ ነው» ነው ያለው፤ ለራሱ እንደሆነ አልደበቀኝም። እኛ የተማርነው ወላጆች ግን ሁዳዱን ራሱ «የልጁ ጥቅም» ብለን ሰይመነዋል። ልጁ እምቢ ሊለው ቢነሳ ከራሱ ጋር የሚጣላ ይመስለዋል። እኔ በጡረታዬ የምትደግፈኝ፣ ደህና ደመወዝ ያላት ልጅ እፈልጋለሁ። ይህን አንድም ቀን በዚህ ቋንቋ አልነገርኳትም። እዚህ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው፤ ጋዜጣው ሲወጣ ታነበዋለች።

«አንተስ?» ስትለኝ ሻይ ልጨምር ብዬ ተነሳሁ። ስመለስ ወረቀቱ እስክሪብቶ ተደርቦበት ጠረጴዛው ላይ ነበር። እሷ ጆሮ ማዳመጫዋን ነቅላ፣ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞር አድርጋ፣ ቀጣዩን ክፍል ከፍታ እየጠበቀችኝ ነበር።